ከዓባይ ማዶ ያለው የወተት ቤት

ተረት ተረት!

“የላም በረት” በሉኛ። እሰይ! ልጆች ሆነን እሳት ዳር ተኮልኩለን ስንቀበለው ያደግን ነውና አፋችን አይረሳውም። የዛሬው ግን የጅብና የቀበሮ ጨዋታ አይደለም። እውነተኛ ላም፣ እውነተኛ በረት ያለበት ነገር ነው። የማወራላችሁ ስለ አንድ የወተት ቤት ነው። ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሾላ በሚባለው ሰፈር ነው ያለው። ታሪኩ ግን የእኛ፣ የጎጃሞቹ የብቸናና የሞጣ ሰዎችም ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የእኛ ወተት አንድም ቀን አልገባም፤ ለምን እንዳልገባ ማወቅ ደግሞ የራስን ታሪክ ማወቅ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ አገሩ ሁሉ ከፍርስራሹ ሲነሣ፣ ኡንራ የሚባል የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ነበር። ጦርነት ለጎዳቸው አገሮች እህሉንም፣ መድኃኒቱንም፣ ከብቱንም ይልካል። በፈረንጆቹ 1947፣ በእኛ 1939 ዓ.ም. ግድም፣ ለኢትዮጵያ 300 የወተት ከብት ሰጠ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሮቹ ፍሪዢያን ይባላሉ፤ ቡላዎቹ ብራውን ስዊስ። አብሮም ጥቂት የወተት ማዘጋጃ ዕቃ መጣ። የዘመናዊው የወተት ሥራ አመጣጥ እንዲህ ነው።

እስቲ አስቡት። የእኛ አበሻ ላም ጥጃዋን አጥብታ ለጓዳ የምታተርፈው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ሣሩ ሲለመልም ትጨምራለች፣ በጋው ሲጠና ትነጥፋለች። ፍሪዢያኗ ግን መኖዋና ጤናዋ ከተጠበቀላት ከዐሥር ሊትር በላይ ትሰጣለች። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ወተት ጣጣውም ብዙ ነው። ወተት ከታለበ በሰዓታት ውስጥ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሞጣ ውስጥ ያለች እመቤት ለዚህ አትደነግጥም፤ ይረጋል፣ ይገፋል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አይብና አጓቱም ይቀራል። ከተማ ግን የሚፈልገው ትኩሱን ነው። ለሕፃኑ፣ ለሆስፒታሉ፣ ለሆቴሉ የሚሆነውን ትኩስ ወተት ከገጠር ሳይበላሽ ማድረስ ሌላ ዘዴና ሌላ ቤት ይጠይቃል።

ያ ቤት በፈረንጆቹ 1960፣ በእኛ 1952 ዓ.ም. ግድም፣ በዩኒሴፍ እርዳታ ሾላ ላይ ተቋቋመ። ዩኒሴፍ የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የከተማው ልጆች ንጹሕ ወተት እንዲያገኙ ነው። መጀመሪያ ለሙከራ ነበር የታሰበው። ከትልልቆቹ እርባታዎች ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ላም ካለው ገበሬም ወተት ተሰብስቦ፣ ተጣርቶና በሙቀት ተዘጋጅቶ ሊሸጥ ይችል እንደሆነ ለማየት ነበር። ሙከራው ያዘ። ቤቱም ሰፋ።

የአሠራሩን ነገር ልንገራችሁ፣ የዚህን ቤት ክብር የማየው እዚህ ላይ ነውና። ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ ገበሬው ወተቱን በጣሳና በጀሪካን ይዞ መንገድ ዳር ወዳለው መሰብሰቢያ ጣቢያ ይመጣል። ጣቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ በመጀመሪያ ያሸታል። ከዚያ ቀጭኗን የመስተዋት መለኪያ ወተቱ ውስጥ ይሰዳል። ወተቱ ውኃ የገባበት እንደሆነ መለኪያዋ ከሚገባው በላይ ትሰምጣለች፤ ተንኮሉ ወዲያው ይጋለጣል። ቀጥሎ ጥቂት ወተት በዚያው ልክ ከአልኮል ጋር ይቀላቅላል። ወተቱ ሊኮመጥጥ የተቃረበ ከሆነ ፊቱ ላይ ይቋጥራል፤ ተመለስ ይባላል። ያለፈው ተለክቶ በደብተር ይሰፍራል፣ መኪና ጭኖት ሾላ ይደርሳል። እዚያም እስከ 72 ዲግሪ ድረስ ለ15 ሴኮንድ ያህል ይሞቅና ወዲያው እስከ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ባገኘው ዘዴ በሽታ አምጪው ተሕዋስ ይሞታል፣ ወተቱ ግን ወተት ሆኖ ይቀራል። በኋላ ዘመን በግማሽ ሊትር ላስቲክ ታሽጎ በየሰፈሩ ኪዮስክ የሚሸጠው የሾላ ወተት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጥጉን በጥርሱ ነክሶ የከፈተውን ያን ላስቲክ አይረሳውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ይህ ቤት ወተቱን ይሰበስብ የነበረው በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ነበር። እያደረ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ካስማ ላይ የታሰረች ጥጃ ገመዷ እስከፈቀደላት እንደምትግጥ፣ ሾላም ከዚያ በላይ መሄድ አልቻለም። በጎጃሙ መንገድ ብንሄድ ሱሉልታ በገመዱ ውስጥ ነው፤ ሙከ ጡሪም፣ በ112 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ፍቼም ውስጥ ነው። ከዚያ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ የዓባይ ገደል፤ ገደሉን ወጥቶ ደጀን 229 ኪሎ ሜትር ነው። ብቸና 265 ገደማ፣ ሞጣ ደግሞ 371 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ገና ቤቱ ሲሠራ የእኛ ላሞች ከሂሳቡ ውጭ ነበሩ። ማንም በክፋት አላወጣቸውም። በጠዋት የታለበ ወተት በዚያን ጊዜ መንገድና በዚያን ጊዜ መኪና የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ ጤነኛ ሆኖ አዲስ አበባ አይገባማ።

ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የሾላው ቤት በሚሰፋበት በዚያው ዘመን መንግሥት ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ፈጽሞ አልመጣም ማለት አይቻልም። መጥቷል። የመጣው ግን በሌላ መልክ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ገማቾች ሊመጡ ነው ተባለ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። ሞጣና ብቸና የዚያ አመፅ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ፣ ዳሞትም እንዲሁ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። እኔ ይህን ሳስብ ያዝናል ልቤ። ሸዋ ላይ ለገበሬው የወተት መለኪያ ይዞ የቀረበ መንግሥት፣ እኛ ዘንድ የመጣው የግብር መገመቻ ይዞ ነበር። መለኪያው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ግምቱም ያን ያህል ደም ባላፋሰሰ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ገበሬ ጥቅሙን ካየው ነገር ጋር አይጣላም።

ሾላ በበኩሉ መንገዱን ቀጠለ። በፈረንጆቹ 1971 የወተት ልማት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ብዙ ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት ትልልቅ የወተት እርባታዎችም የመንግሥት ሆኑ። በፈረንጆቹ 1979 ደግሞ እርባታዎቹም፣ መሰብሰቢያዎቹም፣ ማቀነባበሪያውም በአንድ ተጠቃለው የወተት ልማት ድርጅት ተባሉ። በቀን 60,000 ሊትር ማዘጋጀት የሚችል ድርጅት ነበር። ወተት ብቻም አይደለም ሥራው፤ ለገበሬው መኖና የከብት መድኃኒት ይሸጣል፣ ምክር ይሰጣል። በፈረንጆቹ 1981 ቃሊቲ ላይ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ሲቋቋም የድቅል ላሙ ነገርም ሥር ያዘ።

ያ ሁሉ አቅም እያለ ግን የሚሞላው ወተት አልተገኘም። ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ለጎረቤት ወይም ለሻይ ቤት መሸጥ መረጠ፤ አይፈረድበትም። እናም ሾላ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም በእርዳታ የሚመጣውን የወተት ዱቄትና የቅቤ ዘይት ከውኃ ጋር አዋሕዶ ወተት ማድረግ ያዘ። አያችሁ ነገሩን! ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዱቄት ሾላ ላይ ወተት ሲሆን፣ ዓባይ ማዶ የነበረ ወተት ግን በየጓዳው ቅቤ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በዚህ አገር ከብት ብዛት ላይ ይህ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለ ጓዳው ቅቤ ካነሣሁ ደግሞ ቶሎ አልጨርስም፣ ታገሡኝ።

የእኛ ቤት የወተት ሥራ የሴት ነው። ወተቱ በየቀኑ መግፊያው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ይረጋል። ዕቃው ከዚያ በፊት ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱም ክፉ ጠረን እንዳያመጣ ይጠብቃል። ሲረጋ አፉ በቆዳ ወይም በቅጠል ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ መግፋት ነው፤ ጭን ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ አስደግፎ ወዲያ ወዲህ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ ብርድ ከሆነ ሁለት ሰዓት። የምትገፋዋ ሴት ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ልጅ ታባብላለች፣ ሰው ታጫውታለች፤ ጆሮዋ ግን ዕቃው ላይ ነው። ፈሳሹ ሲንቦጫረቅ የነበረው ድምፅ ድንገት ይከብዳል፣ ደብ ደብ ይላል። ቅቤው ተሰብስቧል ማለት ነው። ያልተማመነች በትንሿ ቀዳዳ ስንደዶ ሰድዳ ታያለች፤ ስንደዶው ላይ ፍርፍር ቅቤ ከተያዘ ደርሷል። ቅቤውን በእጇ ትሰበስበዋለች፣ በቀዝቃዛ ውኃ ትለውሰዋለች፣ አሬራው እስኪወጣለት። አሬራው እሳት ላይ ይጣድና አይቡ ይለያል፣ አጓቱ ለጥጃና ለውሻ ይተርፋል። የሚጣል ነገር የለም።

አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ16 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈጃል። አንድ ሊትር ተኩል የምትሰጥ ላም ላላት ሴት፣ አንዷ ኪሎ የብዙ ቀን ድካም ናት። እና ገበያ ወጥቶ የተሸጠው ቅቤ ገንዘብ የእመቤቲቱ ነው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በእሱ ነው። ባልየው በእህሉና በበሬው ያዛል፣ በቅቤው ላይ ግን አይገባም። ወተት ሲሸጥ ይህ ሥርዓት ይናጋል የሚል ሥጋት አለ። እውነት ነው፤ ብዙ አገር የታየ ነው፣ ወተት በደብተር ሲሰፍር ገንዘቡ ወደ ወንዱ ኪስ ይገባል። እኛ ዘንድ የወተት ቤት ሲሠራ ደብተሩ በሴቶቹ ስም ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ቅቤ ሌላም ጸጋ አለው፤ መንገድ አይመርጥም። የሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የዓባይ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለስንት ዐሥርት ዓመታት ገበያተኛ በገመድ ታስሮ፣ ማዶና ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። ከሥሩ ዓባይ ያጓራል። በፈረንጆቹ 2002 አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው ጠገኑት፤ 2005 ላይ ጎርፍ ወሰደው፤ 2009 ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተከለ። ያኔ በገመድ ተስቦ በሚሻገር ሰው ትከሻ ላይ ቅቤ ይሻገር ነበር። ትኩስ ወተት ግን አይሻገርም፤ ወተት የሚፈልገው ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሰዓቱ የሚመጣ መኪናና የማይጠፋ መብራት ነው።

በዚህ ምክንያት የእኛ ቅቤ አዲስ አበባ ገባ። የት ገባ ቢሉ፣ ሾላ! ከወተት ቤቱ ጋር ስም የሚጋራው የሾላ ገበያ ላይ፣ ከበርበሬውና ከኮረሪማው ጎን የጎጃም ቅቤ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ለጋውን፣ መካከለኛውን፣ በሳሉን ለይቶ ሻጩ ይነግራችኋል፤ ያወቀች ገዢ ደግሞ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸትታለች። ለራስ ለጋው፣ ለወጥ በሳሉ። በኋላ ቅቤ ሲወደድ ሙዝና የአትክልት ቅባት እየቀላቀሉ በጎጃም ስም የሚሸጡ ተነሡ። የእናቶቻችን ስም የተበደለው እዚህ ላይ ነው። ወተት ቤቱ በር ላይ መለኪያ ነበረው፤ ቅቤው ግን ከጓዳ እስከ ገበያ የሚመሰክርለት አልነበረም።

የጾሙንም ነገር ሳላነሣ ብቀር ገዳሞቻችን ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ይታዘቡኛል። ሐሙስ የተሸጠ ወተት ዓርብ አይሸጥም። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ገዢው ይሸሻል፤ ላሟ ግን አትጾምም። የዓመቱ አጽዋማት ቢደመሩ ለሁሉም ከሚታወጁት ጀምሮ ካህናቱ እስከሚጾሙት ከ180 እስከ 250 ቀን ይሆናሉ። ሾላን ጨምሮ ወተት የሚያዘጋጅ ድርጅት ሁሉ በጾም ወራት የሚሰበስበውን መቀነስ ወይም ወደ ቅቤና አይብ ማዞር ግድ ሆኖበት ኖሯል። መቀነሱ የጎዳው ገበሬውን ነው፤ ዛሬ ተቀበልኩህ፣ ነገ አልቀበልህም የተባለ ሰው ላሙን ይሸጣል። እናቶቻችን ይህን ጥያቄ ያለ ማሽን ፈትተውታል፤ የጾሙን ወተት ቅቤ አድርገው ለፋሲካ ያቆዩታል።

በደርግ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 1987፣ ፊንላንድ ረድታ በፍቼ ዙሪያ ባለው በሰላሌ የገበሬዎች የወተት ልማት ተጀመረ። ድቅል ላም፣ መኖ፣ ሕክምና፣ ማኅበር። ዛሬ ከብቸና ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ወደ ፍቼ ስትቃረቡ መንገድ ዳር የወተት ጣሳ የያዘ ሰው የምታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰላሌ ደጋ ብቸና ካለችበት ከእነማይና ሞጣ ካለችበት ከሁለት እጁ እነሴ ደጋ በምን ይበልጣል? ሣሩ ሣር ነው፣ ብርዱ ብርድ ነው። የበለጠው በገመዱ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ሾላም እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ዞረ፤ በፈረንጆቹ 2007 ሚድሮክ የተባለው የግል ኩባንያ ገዝቶት ላሜ ዴይሪ ተባለ። እነማማ ወተትን የመሳሰሉ የግል ተፎካካሪዎችም ቀድመው ገበያው ውስጥ ገብተው ነበር። የወተት ልማት ድርጅት የሚባለው ስም ከበሩ ላይ ወረደ። ሕዝቡ ግን ዛሬም “ሾላ ስጠኝ” ነው የሚለው፤ ስሙ ከድርጅቱ ዕድሜ በለጠ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ያለፈውን ለማማረር አይደለም። ሾላን የሠሩ ሰዎች በጊዜያቸው ትልቅ ነገር ሠርተዋል። አራት ሥርዓት ሲለዋወጥ በየጠዋቱ ወተት አዘጋጅተው ለከተማው ልጅ ያደረሱ ሠራተኞች ብዙዎቹ አርጅተዋል። የማሽኑን ፎቶ፣ የድሮውን ደብተር፣ የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎች ሰብስቦ የሚያስቀምጥ፣ እነሱንም ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያላችሁ የታሪክ ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው፤ ሰዎቹ ሳሉ ሂዱ።

ለብቸናና ለሞጣ ደግሞ የምለው አለኝ። መንገዱ ዛሬ የያኔው አይደለም። ዓባይ ላይ አዲስ ድልድይ አለ፣ ባሕር ዳርም ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የራሷ ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ። ስለዚህ የእኛን ወተት በሾላ ገመድ መለካት ቀርቷል። ፋብሪካ ይሠራልን ብለን ዓመት ሙሉ ከመጠበቅ፣ ከማቀዝቀዣ ታንክና ከመለኪያ ጋር አንድ አንድ መሰብሰቢያ ጣቢያ በሁለቱም ከተሞች ይቁም፤ የተጀመረም ካለ ይጠንክር። ደብተሩ በእናቶች ስም ይከፈት። ለጾሙ ወራት ከመጀመሪያው የቅቤና የአይብ ክፍል ይኑረው። ቅቤው የብቸና፣ የሞጣ ተብሎ ታሽጎ ይውጣ፤ ሙዝ የቀላቀለ በስማችን እንዳይነግድ። የማኅበራት ዩኒየኖች፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ልጆች፣ ለአዳራሽና ለሐውልት ስታዋጡ አይቻለሁ። ለአንድ የወተት ማቀዝቀዣ ታንክም አዋጡ።